ለአንድ ሰው ሳይሆን ለአንድ ቤት

በካናዳ ሰሜን ጫፍ፣ በኑናቩት ግዛት፣ ከአዋቂ ኢኑይቶች (የአርክቲክ ነባር ሕዝብ) ከግማሽ በላዩ ያጨሳል። በመላ አገሪቱ ግን ከ5 አዋቂ አንዱ እንኳ አያጨስም። ለዚህ ልዩነት ሁሌም የሚቀርበው መልስ ተጨማሪ ፖስተር ነው። በሳንባ ካንሰር ዘመድ የቀበረ ሕዝብ የሲጋራን ጉዳት የሚነግረው አላጣም። ያጣው በበቂ መጠን፣ ለበቂ ጊዜ፣ ለቤተሰቡ በሙሉ የሚደርስ የማጨስ ማቆሚያ ሕክምና ነው።

በቀን ከ10 ሲጋራ በላይ የሚያጨስ ሰው ለማቆም የሚጀምረው፣ የሲጋራን ሱስ የሚፈጥረውን ኒኮቲን በቆዳ በኩል የሚሰጥ ባለ 21 ሚሊግራም ፕላስተር በየቀኑ አንድ በመለጠፍ ነው። በተለመደው አወሳሰድ 6 ሳምንት በዚህ ይቆያል፤ ከዚያ 2 ሳምንት በ14፣ 2 ሳምንት ደግሞ በ7 ሚሊግራም። በድምሩ 70 ፕላስተር ማለት ነው። በቤቱ 3 አጫሾች ካሉ 210። የኑናቩት 25 መንደሮች እርስ በርስም ሆነ ከደቡብ ካናዳ ጋር የሚያገናኛቸው መንገድ የለም፤ መድኃኒት የሚገባው በአውሮፕላን ነው። የ2 ሳምንት ብቻ ተሰጥቶት የሄደ ሰው በረራው በውሽንፍር ሲሰረዝ ፕላስተሩ ያልቅበታል፤ ሲጋራው ግን ሱቅ ውስጥ አለ። ስለዚህ ጤና ጣቢያው ማቆሚያው ቀን ከመቆረጡ በፊት የሙሉውን ጊዜ መድኃኒት መደርደሪያው ላይ ማየት አለበት።

ፕላስተር ኒኮቲኑን ቀስ አድርጎ ስለሚለቅ ድንገት የሚነሳን ሐራራ ብቻውን አይመልስም። የኒኮቲን ማስቲካ ይጨመርበት፤ ከእንቅልፉ ነቅቶ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለሚለኩስ ባለ 4 ሚሊግራም፣ ለሌላው ባለ 2። እንደ ተራ ማስቲካ ሲያኝኩት ኒኮቲኑ ከምራቅ ጋር ይዋጥና ማቅለሽለሽና ስቅታ ያመጣል፤ ብዙ ሰው «አልተስማማኝም» ብሎ የሚጥለው ለዚህ ነው። አፍን እስኪለበልብ ጥቂት ማኘክ፣ በጉንጭና በድድ መካከል ማሳረፍ፣ ስሜቱ ሲጠፋ እንደገና ማኘክ፣ እስከ 30 ደቂቃ። ለአደን የሚወጣ ሰው ማስቲካውን በውስጥ ኪሱ ይያዝ። በአፍ የሚሳበው የኒኮቲን መሳቢያም በብርድ የሚሰጠው መጠን ስለሚቀንስ ገላ አጠገብ መሞቅ አለበት።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሻይና ቡና ነው። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ማጨስ ሲቆም ያው የለመዱት ሻይ በደም ውስጥ የሚተወው ካፌይን በእጥፍ ገደማ ሊጨምር ይችላል። መቁነጥነጡና የእንቅልፍ እጦቱ በሲጋራው መቅረት ይመካኛል፤ ሰውየውም ይለኩሳል። ቀኑን ሙሉ ሻይ በሚፈላበት ቤት ከመጀመሪያው ቀን መጠኑን በግማሽ ማውረድ ብዙ ስቃይ ያስቀራል።

መልእክቱም ከሌላ ሕዝብ መበደር የለበትም። በካናዳ ያሉ ሌሎች አንዳንድ ነባር ሕዝቦች ትምባሆን ለመንፈሳዊ ሥርዓት ስለሚጠቀሙበት «የተቀደሰውን ከሱሱ ለዩ» የሚል ትምህርት ይሰጣል። በአርክቲክ ትምባሆ አይበቅልም፤ ለኢኑይት ያመጡት ዓሣ ነባሪ አዳኞችና ነጋዴዎች ናቸው። እዚያ መነገር ያለበት ይህ ታሪክ ነው፤ በራሳቸው ቋንቋ በኢኑክቲቱት፣ በሽማግሌዎች አንደበት።

በቤት እጥረት የተነሳ ብዙ ሰው በጥቂት ክፍል ተጨናንቆ ይኖራል። አንዱ ቢያቆም ሌሎቹ አጠገቡ ያጨሳሉ። ስለዚህ ነርሷ «አንተ መቼ ታቆማለህ?» ሳይሆን «ቤታችሁ ውስጥ እነማን ያጨሳሉ?» ብላ ትጀምር። ሁሉም አንድ ቀን ይቁረጡ፤ ያልፈለገውም ውጭ ያጭስ። የካናዳ መንግሥትና የኢኑይት መሪዎች በኢኑይት ምድር የሳንባ ነቀርሳን (ቲቢን) እስከ 2030 ለማጥፋት በ2018 ቃል ገብተዋል፤ ማጨስ ለዚያ በሽታ የመጋለጥን ዕድል በእጥፍ ገደማ ስለሚጨምር ቲቢ ሊመረምር ቤት የሚገባ ቡድን ፕላስተርም ይዞ መግባት ነበረበት።

በመሃል አንድ ሲጋራ ያጨሰ ሰው ፕላስተሩን አይንቀል። በማግስቱ አዲሱን ለጥፎ ይቀጥል፤ ሐራራው ደጋግሞ ካሸነፈው ነርሷ መጠኑን ከፍ ታድርግለት እንጂ ከመዝገቡ አትሰርዘው።