ጤናማው የቆሻሻ ቅርጫት

ሰሞኑን በየስልኩ የሚዞረውን ያን ዓይነት ቪዲዮ ያላየ ካለ ዕድለኛ ነው። ፊቱ የሚያበራ አንድ የጤና አዋቂ አንድ ኪሎ ካሮትና አንድ እቅፍ ሴለሪ ጁስ መጭመቂያው ውስጥ ይከታል፤ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ያሳየናል፤ ከዚያ የማሽኑን የቅሪት መያዣ ቆሻሻ ላይ ገልብጦ እጁን እያራገፈ «ጥቅሙ በሙሉ እዚህ ብርጭቆ ውስጥ ነው፣ ያ ገለባ ነው» ይላል። የልብ ምልክቱ ከሥር ይዥጎደጎዳል።

እኛስ ምስጋና ለምን እንሰስት? እሰየው! ሁሉም ለራሱ በሚሮጥበት ዘመን ከአፉ ነጥቆ ቆሻሻ ቅርጫቱን የሚያጎርስ ሰው ከየት ይገኛል?

አንድ ኪሎ ጥሬ ካሮት ወደ 28 ግራም የሚጠጋ ፋይበር፣ ማለትም ሆድ የማይፈጨው የተክል ክፍል፣ አለው። ሲጨመቅ አብዛኛው ከቅሪቱ ጋር ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር ከምግብ እንዲያገኝ መክሯል። ሴለሪው ሲታከልበት እንግዲህ ቅርጫቱ የቀን ድርሻውን ከቁርስ በፊት አጠናቀቀ ማለት ነው። ሆድ ድርቀት ምን እንደሆነ አያውቅም። ካሮቲንም፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው የካሮት ቀለም፣ አይጎድልበትም፤ ማሽኑ ከካሮቱ ሴሎች ውስጥ ሁሉንም ስለማያወጣው ብዙው እዚያው ይቀራል (ቅሪቱ ብርቱካናማ የሆነው ለጌጥ አይደለም)። ካሮቲን ሰውነት ውስጥ በደንብ እንዲገባ ትንሽ ስብ ይፈልጋል። ባለቤቱ ጁሱን በባዶ ሆዱ ይጨልጣል፤ ቅርጫቱ ግን የትናንቱ የመጥበሻ ዘይት ስለተደፋበት በዚህም አይቸገርም። የተመጣጠነ አመጋገብ ይሉሃል ይሄ ነው። ሐኪም መጥቶ ቤተሰቡን በሙሉ ቢመረምር አንጀቱ የተስተካከለ፣ ዓይኑ የጠራ፣ ወዙ የሚያበራ ሆኖ የሚገኘው እርሱ ብቻ ነው። ክዳኑን ከፍተው «እንዴት አደርክ?» ቢሉት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቀሎኛል» የሚል ይመስለኛል።

ጌታው ግን በሦስተኛው ቀን ሆዱ አልታዘዝ ይለዋል። መላ አያጣም፤ በቆርቆሮ የታሸገ የፋይበር ዱቄት ይገዛና ማንኪያ ሞልቶ ጁሱ ውስጥ ይበጠብጣል። ፋይበሩን በኤሌክትሪክ አወጣ፣ ጣለ፣ ገዛ፣ በማንኪያ መለሰ። ካሮቱን እንዳለ መንከስ የሰነፍ ሥራ መሆኑን የተማርነው ከእርሱ ነው። ይህም ተቀርጾ ይለቀቃል፤ በክፍል ሁለት የዱቄቱ የቅናሽ ኮድ አለ።

አሁን ያለ ሽሙጥ ልናገር። ገለባ አይደለም። ታጥቦ፣ ተልጦ፣ ተከትፎ ለመብል የተዘጋጀ ምግብ ነው፤ ያን ሁሉ ተመልካች ሰብስቦ ቆሻሻ ነው ማለት ውሸት ማስተማር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2022 ብቻ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ 60 በመቶው ከየመኖሪያ ቤቱ የወጣ ነው። እርሻ ላይ አልረገፈም፣ መንገድ ላይ አልተበላሸም። ሰው ክዳን ከፍቶ በእጁ የጣለው ነው። በዚህ ላይ የልብ ምልክት መጫን ያሳፍራል።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። ደጉ ቅርጫት ጠላቶች አሉት፤ ቅሪቱን ከመጣል ይልቅ አብስለው የሚበሉት ናቸው። ጉርሻውን ከአፉ የሚነጥቁት እነዚህ ሰዎች ሥራቸው የተደራጀ ስለሆነ ላጋልጣቸው።

ሴራው የሚጀምረው ገና ሳይጨመቅ ነው። ማሽኑ ውስጥ የገባ ሁሉ ቅሪቱ ውስጥ እንደሚገኝ ስለሚያውቁ የፖሙን እምብርትና ፍሬ አስቀድመው ያወጣሉ። ሎሚውን ከነነጭ ሽፋኑ ይልጣሉ፤ መራራው እርሱ ነውና። ሴለሪውን ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር አድርገው አግድም ይቆርጡታል፤ ረጅሙ ከገባ ክሩ የማሽኑ ጥርስ ላይ ይጠመጠማል። ዝንጅብሉን መጨረሻ ላይ ለብቻው ጨምቀው ቅሪቱን ለሻይ ይለዩታል። ቅሪቱ እርጥብና የደቀቀ በመሆኑ ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ አያሳድሩትም። ከድነው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡታል፣ ቢበዛ ለሁለት ቀን።

ከሁሉ የሚብሱት ጥፍጥፍ የሚጠብሱት ናቸው። ሁለት ኩባያ የካሮት ቅሪት፣ አንድ ኩባያ ተቀቅሎ የተፈጨ ሽምብራ፣ ግማሽ ኩባያ የሽምብራ ዱቄት፣ በዘይት የቁላሉት አንድ ራስ ሽንኩርት፣ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ከሙን። ጨዉን አይሰስቱም፤ የአትክልቱ ጣዕም ከነጭማቂው ብርጭቆ ውስጥ ገብቷልና። ሊጡ እጅ ላይ ከተበታተነ ውሃ በሾርባ ማንኪያ እየለኩ እስከ አራት ይጨምሩና 20 ደቂቃ ያሳርፉታል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ደረቅ ፋይበር ውሃ እስኪጠጣ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቸኩለው መጥበሻ ላይ የጣሉት ይፈረካከሳል። ደግሞ ፋይበር ብቻውን አይያያዝም፤ የሚይዘው የሽምብራው ስታርችና ፕሮቲን ነው። «ቅሪቱን በሙሉ ልጠቀም» ብሎ ሽምብራውን የቀነሰ ስስታም የሚበላው ፍርፋሪ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት፣ መካከለኛ እሳት፣ በየጎኑ አራት አምስት ደቂቃ። ሥሩ ቅርፊት ሳይሠራ በመገልበጫ የሚነካካው እጅ ይታሰር።

ብስኩት ጋጋሪዎቹ ደግሞ ትዕግሥታቸው ያስፈራል። ግማሽ ኩባያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ሩብ ኩባያ ውሃ ለሩብ ሰዓት ይዘፈዝፋሉ፤ እስኪያሟልጭ። ሁለት ኩባያ ቅሪት፣ ጨው፣ ሰሊጥና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይቀላቅላሉ። በሁለት የመጋገሪያ ወረቀት መሀል ሦስት ሚሊ ሜትር አድርገው ይዳምጡትና የላይኛውን ወረቀት አንሥተው፣ በቢላ መስመር አውጥተው፣ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ 40 ደቂቃ ይጋግሩታል፤ ገልብጠው እንደገና ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ። ሙቀት ጨምሮ ለመገላገል የሞከረ የካሮቱን ስኳር ያሳርራል፣ መሀሉ ግን እርጥብ ነው። ሲታጠፍ የማይሰበር ከሆነ አልደረቀም፤ ያን አውጥቶ ያሸገ ሰው ነገ የሚያኝከው ጫማ ነው።

ሾርባ ውስጥ እንደ ዱቄት በትነው ያወፍርልኛል የሚሉ የዋሆችም አሉ። ፋይበሩ አይሟሟም፤ አሸዋ አሸዋ ይላል። ለአንድ ሊትር ግማሽ ኩባያ፣ መጀመሪያ ከሽንኩርቱ ጋር ሰባት ስምንት ደቂቃ የተቁላላ፣ መጨረሻ ላይም በመፍጫ የላመ ከሆነ ግን ጥሩ ነው። መረቅ እናወጣለን ብለው ቅሪቱን ቀቅለው፣ አጥልለው፣ ወንፊቱ ላይ የቀረውን የሚጥሉት ግን ልዩ ክብር ይገባቸዋል። አንዱን ካሮት ሁለት ጊዜ ጨምቀዋል።

ለፍሪዘር ባለ አደራዎችም አንድ ቃል። በየከረጢቱ አጭቀው፣ ሳይጽፉበት፣ ለማይመጣ ቀን የሚያከማቹት እነርሱ ናቸው። የቀዘቀዘውን ሲያዩት ቀዩ ቀይ ሥር ነው፤ የቀረው በሙሉ ግምት ነው፣ ጎመንም ሊሆን ይችላል፣ ለጣፋጭ ዳቦ ያሰቡት ደግሞ እርሱኑ ይሆናል። አንድ አንድ ኩባያ እየለኩ ጠፍጣፋ አድርጎ ማሸግ፣ ስምና ቀን መጻፍ፣ በሦስት ወር ውስጥ መጨረስ። ቅዝቃዜው ሴሎቹን ስለሚሰብር ሲቀልጥ ውሃ ይለቃል፤ ለጥፍጥፍ ከሆነ በእጅ ጭምቅ ማድረግ፣ ካልጨመቁት ደግሞ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሽምብራ ዱቄት መጨመር።