«አረቄ ይገድለዋል» ያሉት ሰውዬ

የፋሲካ ማግስት ነው፣ ስጋ ቤት ውስጥ። በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰውዬ ቁርጥ አስቀርበዋል። አጠገባቸው በጤና ጣቢያ ላብራቶሪ የምትሠራ ወጣት ጥብሷን ትጠብቃለች።

«ቅመሺ እንጂ! ዛሬ ጠዋት የታረደ ነው» አሏት።

«ጋሼ፣ ትኩስነቱ ለኮሶ ምን ይረዳል? ስጋ ሲያድር የሚራባው ባክቴሪያ ነው። የኮሶ እጭ ግን በሬው በሕይወት ሳለ ነው ጡንቻው ውስጥ የገባው። ስጋው ትኩስ ከሆነ እጩም ሕያው ነው።»

«አረቄ ለምን ተፈጠረና!» ብለው መለኪያቸውን አነሱ። «ሎሚና ሚጥሚጣውስ?»

አልለቀቀቻቸውም። እጩ እስከ 1 ሴንቲሜትር የሚደርስ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው። መሃሉ ላይ የምትታየው ነጭ ነጥብ የትሉ ራስ ናት። ሎሚና ሚጥሚጣ የሚነኩት የቁራጩን ላይ ላዩን ብቻ ነው፤ አረቄውም ሆድ ሲገባ ከምግቡ ጋር ተደባልቆ ይቀጥናል። ጭራሽ ከረጢቱን የሚፈታው የራሳችን መፈጨት ነው። ሐሞት ሲነካው የትሉ ራስ ይወጣና አንጀት ላይ ይጣበቃል። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ጠፍጣፋ ቁርጥራጮች እየተበጠሱ መውጣት ይጀምራሉ።

«አባቶቻችን በጥሬ ስጋ አይደል እንዴ የኖሩት?»

«ኖረዋል፤ በየሁለት ወሩ ኮሶ እየጠጡ።»

ቢላዋ የሚስለው ባለ ስጋ ቤት ሳቀና ጣልቃ ገባ፦ «የእኔ ማህተም አለው።»

ማህተሙን አላጣጣለችበትም። የቄራው መርማሪ መንጋጋውን፣ ምላሱን፣ ልቡንና ትከሻውን ቀዶ ያያል፤ በሬው ላይ ያሉት ሦስት አራት እጮች ብቻ ከሆኑ ግን ቢላዋው ሊያልፋቸው ይችላል። በግቢ የታረደው ደግሞ ይህም የለውም።

እስከዚህ ድረስ ልክ ነበረች። ሰውዬው አሁንም ሲጎርሱ ስታይ ግን ተናደደች፦ «ጭንቅላት ላይ ይወጣል፣ የሚጥል በሽታ ያመጣል!» እሳቸውም «ይሄን ሁሉ ዘመን በላሁ፣ ወድቄ አይተሽኛል?» ብለው ዘጓት።

እዚህ ላይ እውነቱ የሰውዬው ነው። አንጎል ውስጥ እጭ የሚሠራው የአሳማ ኮሶ ነው፤ የበሬው በሰው አንጎል አይቀመጥም። ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽና ቁራጩ ልብስ ላይ ሲገኝ የሚሰማውን እፍረት ነው። ሐኪም በሚያዘው ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ ይወጣል። የትሉ ራስ አንጀት ላይ ከቀረ ግን እንደገና ያድጋል፤ ስለዚህ ክኒኑ ከተዋጠ በኋላ ሦስት ወር ያህል መከታተል ያስፈልጋል። ይህን ብትነግራቸው ኖሮ መከራከሪያ ባጡ ነበር።

ኮሶን የሚገድለው ሙቀትና በረዶ ነው። የስጋው መሃል 60 ዲግሪ ሲደርስ እጩ ይሞታል። ለብ ለብ ክትፎ ወደዚያ አይጠጋም። ክትፎ ሌላም ጣጣ አለው፤ ላዩ ላይ የነበረው ባክቴሪያ ሲከተፍ ወደ ውስጥ ስለሚደባለቅ እስከ 71 ዲግሪ መብሰል ይኖርበታል። ጥሬ ካልበላሁ የሚል ሰው መሃሉ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ደርሶ 10 ቀን ይቆይለት። የቤት ፍሪዘር ይህን ይችላል፣ ግን ሙሉ ሽንጥ ሳይቆረጥ ከተከተተ መሃሉ እስኪቀዘቅዝ ብዙ ይቆያል። ሁለት ጣት ውፍረት ባለው ቁራጭ ከፋፍሎ ማስገባት ይሻላል፤ መብራት ጠፍቶ ስጋው ከለሰለሰ ደግሞ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀመራል። በረዶ ባክቴሪያን እንደማይገድልም ይታወቅ፤ ሳልሞኔላ ካለ ስጋው ሲቀልጥ አብሮ ይነቃል።

ከሦስቱ አንዳቸውም ያላነሱት ነገር የበሬውን ሣር ነው። በሬው ኮሶ የሚይዘው ከሰው ዓይነ ምድር ነው፤ የወጣው እንቁላል ሣር ላይ ለወራት ይቆያል። የከብት አርቢው ቤተሰብ ሽንት ቤት ከሌለው፣ ቄራው ምንም ያህል ቢመረምር ሌላ እጭ ያለበት በሬ መምጣቱ አይቀርም።