የሥራ መኪኖች ማደሪያ ይፈለግላቸው

አዲስ አበባ ውስጥ ጀሞ ይሁን አያት ወይም ሰሚት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የሰፈር ውስጥ መንገዶችን ልብ ብላችሁ እዩ። ሚኒባሱ፣ ዳማሱ፣ አይሱዙው፣ አንዳንድ ቦታም ሲኖትራኩ ሳይቀር በግራና በቀኝ ተደርድሮ ያድራል። ቀኑን ሙሉ ከተማውን ሲያገለግል የዋለ መኪና ማታ የሚያርፍበት ቦታ ስላልተዘጋጀለት የሚያድረው በሰው ደጃፍ ነው።

ነዋሪው የሚያሰማው ቅሬታ ተገቢ ነው። ናፍጣ ሞተር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሲነሳ ምን እንደሚመስል ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ የሚኖር ሰው ያውቀዋል። ረዳቱ የተንሸራታቹን በር በኃይል ይዘጋል፣ ሹፌሩ ሞተሩ እስኪሞቅ ነዳጅ ይረግጣል፣ ጭሱ በመስኮት ይገባል። ሕፃን ያለበት ቤት የመስኮቱን ክፍተት በጨርቅ ወትፎ ነው የሚያድረው። ሰዉ ከኪሱ አዋጥቶ ያስነጠፈው ኮብልስቶንም ጭነት እንደያዘ የሚያድረውን አይሱዙ አይችልም፤ ይሰምጣል፣ ክረምት ሲገባ ውሃ ያቁራል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን የመንገዱ መጥበብ ነው። አንድ አይሱዙ ወደ 2 ሜትር ይሰፋል። 6 ሜትር በሆነ የሰፈር መንገድ ላይ ሁለቱ ፊት ለፊት ከቆሙ መሃል የሚቀረው 2 ሜትር ብቻ ነው። የእሳት አደጋ መኪና ደግሞ 2 ሜትር ተኩል ያህል ስፋት አለው። እንግዲህ 939 ደውለን መኪናው በሰዓቱ ቢደርስ እንኳ በየት በኩል ይገባል? በ907 የተጠራ አምቡላንስ ምጥ ላይ ያለች ሴት ለማንሳት ሲመጣ የባለአይሱዙውን ቤት እያንኳኩ ከእንቅልፉ መቀስቀስ የተለመደ ነገር ሆኗል። በሁለት ረጃጅም መኪኖች መሃል ኳሱን ተከትሎ የሚወጣ ልጅን ደግሞ የትኛውም ሹፌር ቀድሞ ሊያየው አይችልም።

ይህን ሁሉ ብዬም ሹፌሩን ጠላት አድርጎ መነሳት ስህተት ነው እላለሁ። ብዙው የሚኒባስ ሹፌር መኪናው የራሱ አይደለም፤ በየቀኑ ለባለቤቱ ገቢ ያስገባል። ስፖኪዮ ቢሰረቅ ወይም ባትሪ ቢወጣ ዕዳው የእሱ ነው። ስለዚህ መኪናውን ከመስኮቱ በሚያየው ቦታ ያቆማል፤ ለሰፈሩ ጥበቃም ይከፍላል። ከባድ መኪኖች ቀን በዋና ዋና መንገዶች ላይ እንዳይንቀሳቀሱ ሰዓት ሲገደብባቸው እስከዚያ የት ይቁሙ የሚለው በቂ መልስ አላገኘም። ኮንዶሚኒየሞቹም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲገነቡ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው ታስበው ስለነበር ግቢያቸው ይህን ሁሉ መኪና እንዲይዝ አልታቀደም። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የመስቀል አደባባይ ማቆሚያ ወደ 1,400 መኪና ይይዛል፤ ጥሩ ሥራ ነው። አያት የሚኖር ሹፌር ግን መኪናውን እዚያ አሳድሮ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በምን ሊደርስበት ነው?

አንዳንድ ሰፈሮች በራሳቸው መፍትሔ ወስደዋል። መንገዱን በሰንሰለት ዘግተዋል፣ ትልልቅ ድንጋይ ደርድረዋል፣ ጎማ ቀብረዋል። ምሬታቸው ይገባኛል፤ ድርጊቱን ግን አልደግፍም። አይሱዙን የሚያግድ ድንጋይ አምቡላንስንም ያግዳል፤ የተባረረው መኪናም የሚሄደው ቀጥሎ ያለው ብሎክ ጋ ነው።

በየክፍለ ከተማው ያሉትን የታክሲ ተርሚናሎች ተመልከቱ። ቀን መቆሚያ የላቸውም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ግን ባዶ ናቸው። መብራት አላቸው፣ አስፋልት ናቸው፣ ለሰፈሩም ቅርብ ናቸው። ቀን መኪና የሚያስቆሙት የወጣቶች የፓርኪንግ ማኅበራት በፈረቃ ሌሊቱንም ቢይዙት፣ ለጠፋ ዕቃ ኃላፊነት ወስደው ደረሰኝ ቢሰጡ፣ ሹፌሩ ዛሬ ለሰፈር ጥበቃ የሚከፍለውን ለእነሱ ይከፍላል። ለዓመታት በቆርቆሮ ታጥረው የቆሙ ባዶ ቦታዎችም ግንባታ እስኪጀመርባቸው ድረስ ለአይሱዙና ለሲኖትራክ ማደሪያ መሆን ይችላሉ።

ለወደፊቱ ደግሞ የምንነዳው ቶዮታ ሃያስ ከተፈለሰፈባት ከጃፓን አንድ ነገር መውሰድ ይቻላል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ባለው ሕግ መሠረት መኪና የሚያስመዘግብ ሰው በአብዛኛው ከመኖሪያው በ2 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ማቆሚያ እንዳለው ማረጋገጫ ማቅረብ አለበት። እኛ የቤት መኪናውን ለጊዜው ትተን፣ አዲስ የንግድ ፈቃድ ከሚያወጣ የጭነት መኪና ባለቤት ብንጀምር በቂ ነው። ግዴታው ሹፌሩ ላይ ሳይሆን ትርፉን በሚወስደው ባለንብረት ላይ መጣል አለበት።

ቅጣት አያስፈልግም አልልም። ቅደም ተከተሉ ግን መገልበጥ የለበትም። ማደሪያው ሳይከፈት ደንብ አስከባሪ ሌሊት ለሌሊት ታርጋ እየፈታ ቢሄድ የሚገኘው ጉቦና ጠብ ነው። ወረዳው መጀመሪያ የትኛው ተርሚናል ስንት መኪና እንደሚያሳድርና ዋጋው ስንት እንደሆነ ለጥፎ ያሳውቅ፤ ለባለንብረቶቹ አንድ ወር ይስጥ። ከዚያ በኋላ መንገድ ዘግቶ ያደረ ይቀጣ፤ ድንጋይ የደረደረውም ሰፈር ድንጋዩን ያንሳ።