ጥቁሩ ቢራ ቀለም የተቀባ አይደለም

ሰሞኑን አንድ የቤት ቢራ ጠማቂዎች ውድድር ጥቁር አይፒኤን፣ ማለትም ሆፕስ የተባለው መራራ አበባ የሚበዛበትን የአይፒኤ ቢራ ጥቁር ዓይነት፣ ራሱን ችሎ ከሚዳኝበት ምድብ አውጥቶ ከቀዩ፣ ከቡናማውና ከነጩ ጋር አንድ ላይ ጠቅልሎታል። ዳኛ አንሶ፣ ጊዜ አጥሮ ነው ቢባል ቅር እያለኝም ዝም ባልኩ ነበር። ያስቆጣኝ ከዳኞቹ አንዱ ለውሳኔው የሰጡት ማብራሪያ ነው። ዓይን ተጨፍኖ ከተቀመሰ ጥቁሩና ተራው አይፒኤ አይለዩም አሉ፤ ጥቁረቱ ቀለም ብቻ ነው አሉ። ይህም አልበቃ ብሏቸው፣ ለቀለም ሲባል እህል እየከኩ ድፍድፍ ሲያማስሉ መዋል ከንቱ ድካም ነው፣ ኤክስትራክት (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የብቅል ጭማቂ) በጥብጦ ማጥቆሪያ ጠብ ማድረግ ይበቃል ሲሉ ጨመሩበት።

ከዓይን መጨፈኑ እንነሣ። ብዙ ውድድሮች በሚጠቀሙበት የቢጄሲፒ (የቢራ ዳኞች ማረጋገጫ ድርጅት) የውጤት ወረቀት ላይ ከ50 ነጥብ 3ቱ የተያዙት ለመልክ ነው። ዓይናቸውን የጨፈኑት ዳኛ እነዚያን ነጥቦች በምን ሊሰጡ ነው? በዳበሳ? ምደባውን ከመመሪያው ነው ያገኘነው ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የቢጄሲፒ መመሪያ ጥቁሩን ከልዩ አይፒኤዎች ተርታ አስቀምጦታል። ያው መመሪያ ግን ዝቅ ብሎ ቸኮሌትና ቡና የሚያስታውስ ለዘብ ያለ የቆሎ ጣዕም ሊኖረው እንደሚችል፣ አመድ አመድ ማለት ግን እንደሌለበት ይጽፋል። ለዘብ ይበል ማለት አይኑር ማለት አይደለም። ርዕሱን አንብቦ ዝርዝሩን የዘለለ ሰው መመሪያ ባይጠቅስ ይመረጣል።

ማጥቆሪያ ጠብ ማድረግ የሚሉት ብልሃትም ቢሆን ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ነው። የለንደን ጠማቂዎች ፖርተር የሚባለውን ጥቁር ቢራቸውን በተቃጠለ ስኳር ያጠቁሩት ነበር። የብሪታኒያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1816 ከብቅልና ከሆፕስ በቀር ሌላ ነገር ቢራ ውስጥ እንዳይገባ ከለከለ፤ በዓመቱ ዳንኤል ዊለር ብቅልን በሚሽከረከር ሲሊንደር ቆልቶ የማጥቆር ፓተንት አገኘ። በጠርሙስ ከሚሸጡት የዛሬ ማጥቆሪያዎች መካከል እኮ ከተቆላ ብቅል የሚጠመቁ አሉ። እኚህ ዳኛ በአንድ እጃቸው የጣሉትን እህል በሌላው በጠብታ እየገዙት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እነሱ ሊሰሙት የማይፈልጉት እዚህ ጋ ነው። የዚህ ቢራ ጉዳይ ያለው የተቆላው ብቅል መቼ ገባ፣ እንዴት ገባ የሚለው ላይ ነው። ጥቁር ብቅል አሲድ አለው። ኢንዛይሞቹ ስታርቹን በደንብ ወደ ስኳር የሚለውጡት የድፍድፉ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲዱ በዛ ማለት ነው) ከ5.2 እስከ 5.6 ሲሆን ነው፤ ማዕድን ያነሰበት ውሃ ላይ ጥቁሩን ከመጀመሪያው ካፈሰሱበት ከዚያ በታች ይወርድና ቢራው ወደ ኮምጣጣነት ያደላል። ደብሊን በጥቁር ቢራ ስሟ የገነነው ባይካርቦኔት የተባለው አሲድ የሚያበርድ ማዕድን የበዛበት ውሃዋ ይህን አሲድ ስለሚችልላት ነው። የእንግሊዟ በርተን ደግሞ ጂፕሰም የተባለው ማዕድን በበዛበት ውሃዋ የሆፕስን ምሬት ጥርት አድርጋ እያወጣች በገረጣው ቢራ ታወቀች። ጥቁር አይፒኤ የሁለቱን ከተሞች ጠባይ በአንድ ብርጭቆ ይጠይቃል። ባይካርቦኔት ቢጨምሩለት የሆፕሱ ምሬት ይሻክራል፤ ባይጨምሩለት ጥቁሩ ብቅል ድፍድፉን ያኮመጥጠዋል።

መውጫው ያለው እህል ከክቶ በሚጠምቀው ሰው እጅ ነው። የገረጣውን ብቅል ለብቻው በ65 ወይም በ66 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደፍድፎ አንድ ሰዓት ያህል ያቆየዋል። ከጠቅላላው እህል 5 በመቶ አካባቢ የሚሆነውን ጥቁሩን ብቅል ደግሞ አልሞ ለብቻው ያስቀምጣል። ስታርቹ ወደ ስኳር ተለውጦ ሲያልቅ፣ ጭማቂውን ከመቅዳቱ ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ጥቁሩን ከላይ ነስንሶ ላይ ላዩን ያማስለዋል። ቧንቧው ሲከፈት መጀመሪያ የሚወርደው የገለባ ቀለም ያለው ነው። ጥቂት ቆይቶ ወደ ሻይ ቀለም ይሄዳል፤ ከዚያ ድንገት ይጠቁርና አረፋው ብቻ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። በእንፋሎቱ የኮኮዋ ሽታ ይመጣል፤ የቃጠሎ ሽታ ግን የለበትም። ውሃውን ለሆፕሱ እንደሚስማማ በጂፕሰም አዘጋጅቶታል፤ ጥቁሩም ዘግይቶ ስለገባ ድፍድፉን አላበላሸበትም።

የብቅሉ ምርጫም አለ። ከተራው ጥቁር ብቅል አንድ ፍሬ ቢያኝኩ ከሰል ነው፤ አፍ ያኮማትራል። ካራፋ ስፔሻል እንደሚባለው ያለው፣ ገለባው ተነሥቶ የተቆላው፣ ደረቅ ኮኮዋ ይመስላል። በዚህ ላይ የቺኑክ ወይም የሲምኮ ሆፕስ የጥድ ሙጫና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ሲያርፍበት የሚወጣውን ጣዕም ተራው አይፒኤ ውስጥ ፈልጎ ያገኘ ሰው ካለ ይንገረኝ። እኚህ ዳኛ በቅጡ የተጠመቀ ጥቁር አይፒኤ ቀምሰው እንደማያውቁ እርግጠኛ ነኝ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም።

በኤክስትራክት የሚጠጣ ቢራ አይወጣም አልልም፤ ይወጣል። ይህኛው ግን አይወጣም። ኤክስትራክት ሌላ ሰው ደፍድፎ የጨረሰው ነገር ነው፤ የድፍድፉን ሙቀት፣ የውሃውን ማዕድን፣ ቢራው ምን ያህል ደረቅ (ጣፋጭነት የሌለው) እንደሚሆን የወሰነው ፋብሪካው ነው። ጥቁር ተብሎ በሚሸጠው ውስጥ ጣፋጭነት የሚጨምረው የካራሜል ብቅል ምን ያህል እንደገባ ገዢው በምን ያውቃል? ደርቆ ማለቅ የሚገባው ቢራ ጣፋጭ ሆኖ ሲቀር ሆፕሱ ላይ ይፈረዳል። ምድቡን ሰነፍ ጠማቂዎች በላኩት ጣፋጭና አመዳም ቢራ መዝነው ከዘጉት ደግሞ ጥፋቱ የምድቡ አይደለም።

ሰዓቱ በዛ ለሚሉት መልሴ አጭር ነው። ድፍድፉ አንድ ሰዓት፣ ማፍላቱ አንድ ሰዓት ነው፤ አብዛኛው ቀሪ ጊዜ ውሃ በማሞቅና ዕቃ በማጠብ ያልፋል፤ ዕቃ ማጠብ ደግሞ በኤክስትራክትም አይቀርም። ጊዜ ያጠረው ሰው የታሸገ ቢራ ከፍቶ ይጠጣ፣ ማንም አይወቅሰውም። በራሱ ስንፍና ልክ የሌላውን ምድብ ለሚዘጋ ሰው ግን የውጤት ወረቀት ባይሰጠው ይሻላል።