መልክ ታጥቦ አይጠጣም ያለው ማነው?

አባቶቻችን «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» ብለው የተረቱት አሳታሚ ሳያጋጥማቸው ነው። ቢያጋጥማቸው ተረቱን ያርሙት ነበር። መልክ ታጥቦ አይጠጣ ይሆናል እንጂ በጠንካራ ሽፋን ተጠርዞ፣ የወርቅ ቀለም ፊደል ታትሞበት፣ በገና ሰሞን እንደ ዶሮ ይቸበቸባል።

ስለዚህ ዛሬ ምስጋና ላቀርብ ተነስቻለሁ። ምስጋናዬ ከቴሌቪዥን ድራማ ተነስታ ደራሲ ለሆነችው ተዋናይት አይደለም፤ ለእሷ የሚያጨበጭብ ሞልቷል። ምስጋናዬ መጽሐፉን አንስቶ፣ ገልብጦ፣ የጀርባውን ፎቶ አይቶ፣ «እንዴ! ይቺ እኮ ያቺ ናት!» ብሎ እጁን ወደ ኪሱ ለሚሰደው አንባቢ ነው። ይህ ሰው ከስንት ልፋት እንደተገላገለ አስቡት። ሌላው ምስኪን ብሔራዊ ቴያትር አካባቢ መጽሐፍ አዟሪ ያስቆማል፤ እስከ አገጭ ከተቆለለው ክምር መሃል አንዱን ያስመዝዛል፤ የመጀመሪያውን ገጽ ያነባል፣ መሃሉን ይገልጣል፣ ቅንድቡን ይቋጥራል፣ «ሌላስ የለህም?» ይላል። አዟሪው ክንዱ ዝሎ «ጋሼ፣ እዚሁ ሊጨርሱት ነው እንዴ?» እስኪለው ድረስ ያገላብጣል። የኛ ጀግና ግን ፊት አይቶ፣ ከፍሎ፣ ታክሲውን ይይዛል። ቤቱ ገብቶም አያነበውም። ፊት ምን ይነበባል? ይታያል እንጂ።

ለዚህ ልማድ ሐውልት ይቁምለት ቢባል ቦታው ኒው ዮርክ ነው፣ ማንሃተን፣ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1981 እስከ 1989 «ዳይነስቲ» የሚባል ተከታታይ ድራማ ያሳይ ነበር። ነዳጅ ያሰከራቸው የዴንቨር ሀብታሞች፣ ትከሻው ላይ ትራስ የተሰፋበት የሚመስል ቀሚስ፣ ጥፊ፣ ውርስ፣ እንደገና ጥፊ። እንግሊዛዊቷ ጆአን ኮሊንስ በሁለተኛው ምዕራፍ አሌክሲስ ሆነው ብቅ አሉ፤ የቀድሞ ባሏን አመድ ለማድረግ የማትፈነቅለው ድንጋይ የሌላት ሴት። ሕዝቡ ጠላቸው። በቴሌቪዥን ቋንቋ መጠላት ማለት ደግሞ መወደድ ነው፤ በ1983 ጎልደን ግሎብ ተሸለሙ፣ ድራማውም ብዙ ሳይቆይ በአሜሪካ በተመልካች ብዛት አንደኛ ወጣ።

እዚህ ላይ ስለ ታናሽ እህታቸው ትንሽ ማለት አለብኝ። ጃኪ ኮሊንስም በልጅነታቸው ትወናውን ሞካክረውት ነበር፤ አልሆነላቸውም። እናም የመጀመሪያ ልቦለዳቸውን በ1968 አሳትመው፣ ከዚያ ወዲያ በ2015 እስኪያርፉ ድረስ ከወረቀት ላይ ቀና አላሉም። መጽሐፎቻቸው ከ500 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጠዋል ይባላል። የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት አፍንጫቸውን ቢይዙባቸውም ሴትዮዋ ቁጭ ብለው ጽፈዋል። ምን ያደርጋል! ኋላ ቀር ዘዴ ነው። ለመታወቅ መጻፍ፣ ዳገቱን በእግር እንደመውጣት ያለ ነገር። ታላቅየዋ ጆአን ግን አስቀድመው ስለታወቁ፣ መጻፉ በኋላ የሚደርስ ጉዳይ ሆነላቸው።

ጆአንም በ1988 «ፕራይም ታይም» የተሰኘ ልቦለድ አወጡ። ስለ ምን ይሆን? በአንድ የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ለመጫወት ስለሚናጩ ተዋናዮች። ለምርምር ብዙ መንገድ አልሄዱም ማለት ነው። ሐያሲዎች ተንጫጩ፤ መጽሐፉ ተሸጠ። ይህን ያየው ታላቁ አሳታሚ ራንደም ሀውስ በ1990 ለሁለት ልቦለድ 4 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍላቸው ተዋዋለ። የጆአን ወኪል ኢርቪንግ ላዛር ነበር፤ በቅጽል ስሙ «ስዊፍቲ» ይሉታል፣ ፈጣኑ እንደማለት። ይህ ሰው ውሉ ውስጥ አንዲት ቃል አስገብቷል። የአሳታሚዎች ውል ወትሮ ደራሲው «አጥጋቢ» ረቂቅ ያስረክብ ይላል። የጆአን ውል ግን የሚጠይቀው «ያለቀ» ረቂቅ ብቻ ነው።

ረቂቁ ደረሰ። አሳታሚው አነበበና ክው አለ። አይታተምም አለ፤ ቀድሞ የከፈልኩት 1.2 ሚሊዮን ዶላርም ይመለስልኝ ብሎ ከሰሰ። በየካቲት 1996 ጉዳዩ በቴሌቪዥን እየተላለፈ ተሰማ። አርታኢዋ ጆኒ ኢቫንስ መጡና ጽሑፉ ጥሬ እንደነበረ መሰከሩ። ጆአን ምስክር ወንበር ላይ አለቀሱ። ዳይነስቲ ላይ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያስለቅሱ የከረሙት ሴት በእውነተኛ ችሎት ዕንባቸው ወረደ፤ ተመልካቹም የለመደው ድራማ መስሎት ሳይሆን አይቀርም፣ ዓይኑን አልነቀለም።

አማርኛ የሚችል ዳኛ ቢኖር ኖሮ ክርክሩ በግማሽ ቀን ያልቅ ነበር። የኛ ቋንቋ «ያለቀ» እና «ያለቀለት» ብሎ አበጥሮ አስቀምጦታል። ያለቀለት ልብስ እንከን የሌለው ነው፤ ያለቀለት ሰው ደግሞ ቄስ የሚጠራለት ነው። ደራሲዋ «አልቋል» አሉ፤ አሳታሚው «አልቆለታል» አለ፤ የዳኝነቱ ሸንጎ ደግሞ ሁለቱም ልክ ናቸው የሚያሰኝ ፍርድ ሰጠ። የመጀመሪያው ረቂቅ አልቋል፣ ሁለተኛው አላለቀም፣ 1.2 ሚሊዮኑም ከጆአን ቦርሳ አይወጣም። ውሉ ያማረ አላለም፤ ያለቀ ነው ያለው።

እኔ በዚህ ክስ ያዘንኩት ለአሳታሚው ነው። ማዘን እንኳ አይደለም፣ ታዘብኩት። 4 ሚሊዮኑን ሲፈርም የሚገዛው አሌክሲስን ነበር፤ ፊቷን፣ ጆሮ ጌጧን፣ ያን ትከሻ። ገዢዎቹም እናንተ መሆናችሁን ያውቃል፣ ገልብጣችሁ ፎቶ የምታዩት። ታዲያ ከመቼ ወዲህ ነው ዐረፍተ ነገር ትዝ ያለው? ዶሮ ለላባዋ ገዝቶ «ሥጋዋ ከሳብኝ» ብሎ ገበያ መመለስ ምን ይባላል? እናንተ አንድም ቀን እንዲህ አላሳፈራችሁም። ስንት መጽሐፍ ገዝታችሁ «ይዘቱ ላላ» ብላችሁ ብር አስመልሳችኋል? በጨዋነት መደርደሪያ ላይ አስቀምጣችሁ፣ እንግዳ ሲመጣ «አንብቤዋለሁ፣ ግሩም ነው» ትላላችሁ።

አንዴ ብቻ ሽሙጡን ላቁም። ወይዘሮ ጆአን ቢያንስ የራሳቸውን ገጽ ይዘው ቀርበው፣ ጥሬም ይሁን ብስል የኔ ነው ብለው ተሟግተዋል። ከእሳቸው ወዲህ የመጡት ይህን ድካም አላዩትም። ሞዴሏ ናኦሚ ካምቤል በ1994 በስሟ ልቦለድ ሲወጣ የጻፈችው ካሮላይን አፕቸር ነበረች። በ2007 የእንግሊዟ ሞዴል ኬቲ ፕራይስ በጎስት ራይተር፣ ማለትም ስሙ ሳይወጣ ለሌላ ሰው በሚጽፍ ጸሐፊ፣ ያስጻፈችው ልቦለድ ቡከር ለተባለው የእንግሊዝ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የታጩት መጽሐፎች አንድ ላይ ተደምረው ያልተሸጡትን ያህል ተሸጠ። በ2023 ደግሞ የቴሌቪዥን ተዋናይቷ ሚሊ ቦቢ ብራውን በ1943 ለንደን ቤትናል ግሪን የቦምብ መጠለያ ደረጃ ላይ 173 ሰው ያለቀበትን አደጋ መነሻ ያደረገ ልቦለድ አሳተመች፤ በቃላት የገነባችው ካትሊን ማክገርል ናት። ተዋናይቷ አልደበቀችም፣ በአደባባይ አመስግናታለች። ሽፋኑ ላይ ግን ለአንድ ስም ብቻ ነበር ቦታ የተገኘው።

ጎስት ራይተር የሚሉት፣ በኛ ቢሆን የጓዳ ጸሐፊ ነው። ድግስ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። እንግዶቹ ወጡን በልተው ለባለቤቲቱ «እጅሽ ይባረክ!» ይላሉ፤ እሷም አንገቷን ሰበር አድርጋ «አሜን» ትላለች፤ ሽንኩርት ስትከትፍ ዓይኗ የቀላው ልጅ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ምርቃቱን ትሰማለች። እኛማ ለዚህ ሥርዓት ሩቅ አይደለንም። ቃና ቴሌቪዥን እንደ ፈረንጆቹ ከ2016 ጀምሮ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ሲያስኮመኩመን ፊቱ የኢስታንቡል፣ ድምፁ የአዲስ አበባ ነበር። ፊቱን ፖስተር ላይ ሰቅለን ድምፁን ታክሲ ውስጥ ቢያናግረን አናውቀውም። ከአፍ ወዲያ ማን ይጠይቃል!

የልማዱ ቁንጮ ግን ገና ነው። ኤቢሲ «ኦል ማይ ችልድረን» የሚል ሌላ ድራማ ነበረው። ከገጸ ባሕርያቱ አንዷ ኬንዳል ሃርት ትባላለች። በ2008 ኬንዳል ሃርት «ቻርም!» የሚል ልቦለድ ደረሰች። ልብ በሉ፣ ኬንዳልን የምትጫወተው ተዋናይት አይደለችም፤ ኬንዳል ራሷ ናት፣ ሰው ያልሆነችው፣ መታወቂያ የሌላት፣ ስክሪፕት ላይ ያለችው። አሳታሚው ሃይፐሪየን ነው፤ ሃይፐሪየንም ኤቢሲም ያኔ የዲዝኒ ንብረት ነበሩ፣ ስለዚህ ወጪው ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ ነው። መጽሐፉም ከኒው ዮርክ ታይምስ የሽያጭ ዝርዝር ገባ። ክብር ለናንተ ይሁን፣ አንባቢዎች! የሌለችን ደራሲ ፊት አውቃችሁ ገዝታችኋል። እስትንፋስ ያላቸው ስንቱ ደራሲዎች የመጀመሪያውን 500 ቅጂ አልጋ ሥር ቆልለው ሲተኙ፣ ያልተፈጠረችዋ ሴት ተነበበች። አትከስስ፣ አታለቅስ፣ ቀብድ አትጠይቅ። ራንደም ሀውስ እንዲህ ያለች ደራሲ ብታጋጥመው ጠበቃ ባላስፈለገው።

እኔስ ብሆን ከማን አንሳለሁ። ባለፈው አንድ የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ነበርኩ። ደራሲዋ በስክሪን የምናውቃት ናት፤ ስሟን አልጠራም፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለምና። ሦስት ሰዎች ስለ መጽሐፉ ተናገሩ፤ ሁለቱ «ገና እያነበብኩት ነው» ብለው ጀመሩ፣ ሦስተኛው ስለ ጸጉሯ አወራ። ከዚያ ለፊርማ ተሰለፍን። ሰልፉ የተጓተተው በፊርማው ሳይሆን በሰልፊው ነው። የኔ ተራ ሲደርስ ተጠግቼ ቆምኩ፣ ፈገግ አልኩ፣ ስልኩን ያቀበልኩት ልጅ «ጋሼ መጽሐፉን ወደዚህ ያዙት፣ በጀርባው» አለኝ። በጀርባው ያዝኩት። ደራሲዋ ሁለት ጊዜ ወጣች፣ አንዴ በአካል አንዴ በሽፋን፣ ሁለቱም ላይ አገጯን በጣቷ ደግፋለች። ከገጽ 11 አላለፍኩም። ፎቶውን ግን 300 ሰው ወዶልኛል።

ይህን ካየሁ በኋላ ጊዜ አላባከንኩም። በማግስቱ ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ገባሁ። ፎቶ አንሺው «ለፓስፖርት ነው?» አለኝ። ለመጽሐፍ ነው አልኩት። ወዲያው ገባው። ወንበሩን ዞር አደረገው፣ ከኋላዬ መደርደሪያ የተሳለበት መጋረጃ አወረደ፣ መነጽር ባላደርግም አንድ አመጣልኝ፣ መስታወት የለውም። «አገጭ ላይ ጣት፣ ጋሼ። አይ፣ አንድ ጣት። ሩቅ ይዩ፣ ያዘኑ ይምሰሉ።» ሩቅ አየሁ፣ አዘንኩም፤ ምክንያቱም ዋጋውን ነግሮኝ ነበር።

ፎቶው ትናንት ደረሰልኝ። ያለቀለት ነው። እንግዲህ የቀረው መጻፉ ብቻ ነው።