ማስተሪንግ ማስጮህ አይደለም

ወንድሜ፣ «ማስተሪንግ ማለት ሊሚተር ጭኖ ማስጮህ ነው፤ ለዚህ ብር አይወጣም» ብለሃል። ማስተሪንግ ዘፈኑ ከመለቀቁ በፊት የሚደረግለት የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ ነው፤ ሊሚተር ደግሞ ድምፁ ከተወሰነ ከፍታ እንዳያልፍ የሚገታ መሣሪያ ነው። ብሩ ያከራክራል። የመጀመሪያው ግን ስህተት ነው፤ ብዙ ሰውም ያምነዋል።

ስፖቲፋይ በተለመደው አሠራሩ ዘፈኖችን ወደ -14 ሉፍስ (የጩኸት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ዘፈኑ ይጮኻል) ያስተካክላል። ዩቲዩብም የጮኸውን ዝቅ ያደርጋል። አንተ -7 ላይ አድርሰህ ብትጭነው 7 ዴሲቤል ያህል ይቀንሱብሃል። ጩኸቱ ይሄዳል፣ ጉዳቱ ግን ይቀራል። የከበሮው ምት እንደተጨፈለቀ ነው፤ የዘፋኙ «ሰ» እና «ሸ»ም ጆሮ ይበሳል።

የባለሙያው ዋና ሥራ መስማት ነው። ባሱን እንዳለ የሚያሰማ የማዳመጫ ክፍል አለው፤ ዘፈንህም ገና አልሰለቸውም። አንተ መኝታ ቤት ውስጥ ባሱ አልሰማህ ብሎ ትጨምራለህ፤ ታክሲ ውስጥ ሲከፈት በሩ ይንቀጠቀጣል።

ለቲክቶክ የሚለቀቅ ነጠላ ዘፈን ከሆነ ራስህ ሞክረው፣ ችግር የለውም። አልበም ከሆነ ግን፣ በተለይ በተለያየ ስቱዲዮ የተቀዳ፣ ለባለሙያ ስጠው። ዘፈኖቹን በድምፅ ማቀራረብ ቀላል አይደለም። ሚክሱ (የድምፆቹና የመሣሪያዎቹ ቅልቅል) ራሱ ከተበላሸ ደግሞ ማስተሪንግ አያድነውም። ያኔ ብርህን መጀመሪያ ሚክሱ ላይ አውጣ።