ገበሬው አንቲባዮቲክ የት አግኝቶ?

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ በአንድ የጤና ስብሰባ የሰማሁት ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። አንድ ወጣት መምህር ተነሥቶ፣ መድኃኒት የተላመዱ፣ ማለትም አንቲባዮቲክ የማይገድላቸው ባክቴሪያዎች በሰሜን ሸዋ ቀበሌዎች እንዴት እንደሚዛመቱ በኮምፒውተር ሞዴል ላጥና አለ። የጠየቀው የላብራቶሪ መዝገብ ብቻ ነው። መድረኩ ላይ የነበሩት ኃላፊ ግን ይሄ የሆስፒታል ጣጣ ነው፣ ገበሬው አንቲባዮቲክ የት አግኝቶ፣ ሞዴል ለእኛ ቅንጦት ነው ብለው አስቀመጡት።

የት አግኝቶ? የገበያ ቀን ወደ ገጠር ከተማ ብቅ ይበሉ። አሞክሳሲሊን ያለ ማዘዣ፣ በፍሬ እየተቆጠረ ይሸጣል። ጉንፋን የያዘው ሰው አራት ፍሬ ገዝቶ ሁለቱን ይውጣል፣ ሁለቱን ለልጁ ያስቀምጣል። ጉንፋን የቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ንክች አያደርገውም። በጉ ሲታመም የሚወጋው ኦክሲቴትራሳይክሊንም ያው አንቲባዮቲክ ነው። ይህን ሳያዩ ስለ ገበሬው መናገር ድፍረት ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ሆስፒታል የሚያየው የታመመውን ብቻ ነው። መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ደግሞ ሰው ሳይታመም አንጀቱ ውስጥ ለወራት ሊኖር ይችላል። አንድ የመንዝ ጎረምሳ ለቀን ሥራ ሸዋ ሮቢት ወረደ እንበል። ከስምንት ሰው ጋር አንድ ክፍል ያድራል። ውኃው ከአንድ ጀሪካን ነው፣ መጸዳጃውም አንድ ነው። ሲያተኩሰው ፍሬ ገዝቶ ይውጣል። መድኃኒቱ ደካማውን ባክቴሪያ ይገድላል፣ የተላመደው ብቻውን ይራባል። ለፋሲካ በሚኒባስ ጣርማበርን ወጥቶ አገሩ ይገባል። ጤነኛ ነው፣ ባክቴሪያው ግን አንጀቱ ውስጥ አብሮት ገብቷል፤ በቤት ውስጥም ወደ እናቱ ይተላለፋል። ከወራት በኋላ እናቱን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል፣ የታዘዘላቸው መድኃኒትም አልሠራ ይላል። ካርዳቸው ላይ የሚጻፈው የእሳቸው በሽታ ነው። ሸዋ ሮቢት፣ ጀሪካኑ፣ ያቺ ፍሬ የትም አይጻፉም።

ሞዴል ይህን ያልተጻፈ መንገድ ይከተላል። ቤተሰቦችን ኮምፒውተሩ ላይ ታሰፍራለህ። ማን ከማን ጋር እንደሚያድር፣ ገበያው መቼ እንደሚውል፣ ስንቱ ያለ ማዘዣ እንደሚገዛ ታስገባለህ። ከዚያ ትጠይቃለህ። ያለ ማዘዣ መሸጥ ቢቆም ምን ይለወጣል? ተፈናቃዮች ለሰፈሩበት መጠለያ ንጹሕ ውኃ ቢገባስ? የቱ ይቅደም? ይህን በሰው ላይ እየሞከሩ ለማወቅ ዓመታትና ብዙ ቀብር ይፈጃል።

ቅንጦት ነው ላሉትም መልስ አለኝ። ከርማክና ማክኬንድሪክ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የወረርሽኝን ሂሳብ ያወጡት በፈረንጆች 1927፣ ኮምፒውተር ሳይኖር ነው። ስሌታቸውን ያመሳከሩትም ከህንዷ ቦምቤይ የወረርሽኝ ሟቾች ቁጥር ጋር ነው። በፈረንጆች 2019 በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰው መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሞተ እየተባለ በየስብሰባው የሚጠቀሰው ቁጥርም የሞዴል ግምት ነው። ቁጥሩን እየጠቀሱ ቁጥሩን የወለደውን ሥራ መናቅ አይገባኝም።

መረጃችን ስስ መሆኑ እውነት ነው። የካልቸር ምርመራ፣ ባክቴሪያውን ላብራቶሪ ውስጥ አራብቶ የሚለየው ማለት ነው፣ የሚሠራው ጥቂት ቦታ ነው። ቢሆንም የትኛው ቀዳዳ አስቀድሞ ይደፈን የሚለውን የሚያሳየው ራሱ ሞዴሉ ነው። መረጃ እስኪሞላ እንጠብቅ የሚል መቼም አይጀምርም።

መምህሩ ላፕቶፕ አለው። የታካሚው ስም ይሰረዝና የናሙናው ወረዳ፣ ቀኑና ያልሠራው መድኃኒት ይሰጠው። በዚሁ ሳምንት።